የኅዳር ጥራጊ

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበረኝ። ተማሪው ግማሹ አጨዳ ላይ ነው። ዘጠነኛ "ለ" ውስጥ አሥራ አራት ልጅ... ለወንበር አስተማርኩ ማለት ይቻላል።

የመምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ቃል የማውጣት ተራው የእኔ ነበር። ይህን ጨዋታ ያመጣው ቻላቸው ነው። ሁለታችንም እንግሊዝኛ አስተማሪዎች ነን፤ ገጠር ተቀምጠን እንዳንዝግ ብሎ ነው። በየሰኞው አንድ ማንም የማያውቀው ቃል። ከአሮጌው መዝገበ ቃላት "ኦፍስካወሪንግ" የሚል አወጣሁ። ቻላቸው በኦፍሳይድ የተሻረ ጎል ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሳቅን።

ቆሻሻ ማለት ነው። ግን ተራ ቆሻሻ አይደለም። ስካወር ፈትጎ ማጠብ ነው፤ ኦፍ ሲጨመርበት ተፈትጎ የሚወጣው ይሆናል። ድስት ሲታጠብ ከሥሩ የሚፋቀው... ፍቅፋቂው።

ስመለስ የአባባን ማጭድ ልቀበል እነ አገኘሁ ቤት ጎራ አልኩ። አገኘሁ ባለ እጅ ነው፤ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ጥበብ የምትባለው ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። ከመንደሩ በታች ወንዙ አፋፍ ላይ ብቻቸውን ነው ያሉት። ማጭዳችንን ይሥላሉ፣ ማረሻችንን ይሠራሉ፤ ሠርግ ላይ የሚጠራቸው ግን የለም። ቡዳ ናቸው ይባላል። እኔ አላምንበትም። ግን ለሠርግ ጠርቼያቸው አውቃለሁ?

የወንድሜ የደርቤ ልጅ ወለተ ማርያም እዚያ ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። ጥበብ የጭቃ በሬ ሠርታላት እስኪደርቅ ስትጠብቅ። ግንባሯን ስነካው ይፋጃል። በሬውን እዚያው ትተን አዝዬ ወሰድኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ቃሉ አልለቀቀኝም። ኔትወርኩ ሲመጣ ሲሄድ በስልኬ ፈለግሁ። መጀመሪያ ተጽፎ የተገኘው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ነው ይላል፤ የሐዋርያትን መልእክት ከግሪክ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ። የግሪኩ ቃል "ዙሪያውን የተፋቀ" ማለት ነው።

ከዚያ የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥንት ግሪክ አገር መዓት እንዳይመጣ አንድ የተናቀ ሰው ይመርጡና "ፍቅፋቂያችን ሁንልን" እያሉ ባሕር ይጥሉት ነበር። ሌላው እንዲጠራ። ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን...

ለአባባ ነገርኳቸው። መሪጌታ ናቸው፣ አርባ ዓመት ቅኔ አስተምረዋል። እኛ ጋ ጉድፍ ነው የሚባለው አሉ። "ገደፈ በግዕዝ ጣለ ነው፤ ጉድፍ የተጣለ። ጾም ገደፈ ስንልም ጾሙን ጣለ ማለታችን ነው።"

ከዚያ የሚጥለው ሰው ያጣ አገር የለም ማለት ነው አሉ። ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ወለተ ማርያም አልተሻላትም። ራሴን ትላለች፣ ጉልበቴን ትላለች። ስትተኛ ትቃዣለች።

ደርቤ ከጃናሞራ አዋቂ አስመጣ። ሰውየው ጤና አዳም ጨምቆ በአፍንጫዋ አንጠባጠበ፣ በብርድ ልብስ ሸፍኖ አጠናት። ማነሽ? ከየት መጣሽ? እያለ። ልጅቷ አለቀሰች። ሳል አፈናት። ደግሞ ማነሽ። ደግሞ... መጨረሻ ላይ "ጥበብ ጋ ልሂድ" አለች።

በሬዋን ፈልጋ እኮ ነው። የጭቃ በሬዋን። ነገርኳቸው። ማንም አልሰማኝም። የሰሙት ስሙን ብቻ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ዳባት ጤና ጣቢያ ወስደን ደሟ ይመርመር አልኩት ደርቤን። ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከገባበት ይሞታል አለኝ። ውሸት ነው አልኩት። እንግሊዝኛሽን ለተማሪዎችሽ አድርጊው አለኝ። ደግሜ ስናገር በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው እኮ!

ሚስቱ ስጦታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አቀረቀረች። አባባም አይተዋል። ምንም አላሉም።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ከቅዳሴ መልስ ነው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወረዱ፤ ደርቤና ስድስት ሰባት ወንዶች። ጥበብን ከቤቷ አወጧት። አገኘሁን ሁለት ሰው ክንዱን ጠምዝዞ ይዞታል። ዳገቱን በጸጉሯ እየጎተቱ አወጧት። አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀረ።

ልጅቷ ፊት አንበረከኳትና እንትፍ በይባት አሏት። ቡዳው ሲተፋበት የተበላው ይድናል ይባላል። ጥበብ እምቢ አለች።

"ከተፋሁ በልቻታለሁ ማለቴ ነው" አለች።

ደርቤ በዱላው ጫፍ አፏን ወጋት። ጥርስ ሲሰበር እንደዚያ እንደሚሰማ አላውቅም ነበር። ሁለተኛ አነሣባት። ተፋች። የተፋችው ደም ነው። ወለተ ማርያም ፊት ላይ አረፈ፤ ልጅቷ ጮኸች። ተፋችላት አሉ ሰዎቹ። ጥበብን በእግራቸው ገፍተው ዳገቱን ለቀቋት። ተንከባልላ ወርዳ ግንድ ገጭታ ቆመች።

ሃያ ሰው ነበር የደርቤ ግቢ ውስጥ። እኔም ነበርኩ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ አስገብቼ። አንድ ቃል አልወጣኝም። የግሪኮቹን ታሪክ ለአባባ ስተርክ እንዴት ምላሴ ይፈታ ነበር...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ትኩሳቱ ለቀቃት። ላብ በላብ ሆና ነቃች፣ ጠላ ጠምቶኛል ብላ አሳቀቻቸው። ደርቤ መንደሩን እየዞረ አያችሁ ይላል።

እኔስ? አንድ አፍታ... አንድ አፍታ ብቻ... እውነት ይሆን እንዴ ብያለሁ። ሌላ ማንም አያነበውም፣ ልጻፈው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ጥበብ ጋ ሄድኩ። ዳቦ ይዤ። አፏ አብጦ ዓይኗ ድረስ ደርሷል። ምን ልትይ መጣሽ አለችኝ። ይቅርታ ልልሽ አልኩ።

"እሑድ ነበር የምትመጪው" አለች።

ዳቦውን አልተቀበለችኝም። አገኘሁ ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ ማጭድ ይቀጠቅጣል። የሚገርመው ሰው አሁንም ማጭዱን ይልካል፤ አጥሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል እንጂ አይገባም። ለጥቂት ጊዜ ጎንደር ዘመድ ጋ ሂዱ አልኩት። መዶሻውን ሳያቆም፣ አባቱም አያቱም እዚህች ቦታ ላይ እንደቀጠቀጡ ነገረኝ። "እኔ ከሄድኩ በምን ሊያጭዱ ነው?" አለ። የምሩን ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ትኩሳቱ ተመለሰ። ከበፊቱ ብሶ። ተመልሳ በላቻት ይላል መንደሩ። የምሯን አልተፋችም፣ አታላናለች...

ደርቤ ጓሮ ሆኖ መጥረቢያ ሲስል ዋለ። አንድ እንጨት አልፈለጠም።

ስጦታ ውሃ ልትቀዳ ብላ እኛ ቤት መጣች። ባሏ ፊት ቃል የማትተነፍስ ሴት ናት። "እስከዳር፣ ልጄን እንውሰዳት" አለችኝ። "ቢገድለኝም ይግደለኝ።"

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዳባት ጤና ጣቢያ። አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የምጽፈው።

ጎህ ሳይቀድ ወጣን። እስከ አስፋልቱ በየተራ አዘልናት። ሚናስ የሚባል ነርስ ደሟን አስመረመረ። ግርሻ ነው አለን። ትኩሳቱ ሳምንት ያህል ይይዛል፣ ይለቃል፣ የዳነ ሲመስል ያገረሻል። የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። ቤት ውስጥ ከቆላ የመጣ ልብስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ስጦታ ክው አለች። ደርቤ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ ያመጣው ብርድ ልብስ። ልጅቷን ሲያለብሳት የከረመው።

ቡዳውን አገኘነው እንግዲህ...

መርፌውን ሲወጋት አስጠነቀቀን፤ ለጥቂት ሰዓት ይብስባታል፣ አትደንግጡ፣ መድኃኒቱ ተውሳኩን ሲገድል ነው። እውነትም ባሰባት። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ተንዘፈዘፈች። ከንፈሯ ጠቆረ። ልክ በዚያ ሰዓት ደርቤ ገባ። ሚናስ ሊያስረዳው ሞከረ። አልሰማም። ልጁን አየ፣ መርፌውን አየ፣ እኔን አየ። ዞሮ ወጣ።

ተከትዬው አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። መኪና አግኝቷል።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ነገ በዓል ነው፣ ሰው የለንም፣ ጠዋት ነይ አሉኝ። አገኘሁ ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። አሥር ጊዜ... አሁንም ዝግ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

በግራ እጄ ነው። ቀኙ ተሰብሯል።

ልጅቷ ድናለች። አገኘሁ ሞቷል።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ትንሽ ተለማመድኩ። ልጻፈው።

ኅዳር ሚካኤል ለት ጠዋት ልጅቷ ቀዝቅዛ፣ ተርባ ነቃች። ለስጦታ ትቻት በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። ከአስፋልቱ ስወርድ መንደሩ በጭስ ተሸፍኗል። ኅዳር ይታጠናል፤ በየደጁ የዓመቱ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ በሽታ እንዳይገባ። ልጅ ሆነን ደስ ይለን ነበር። ያን ቀን ግን የትኛው ጭስ የምን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። እሪታ ስሰማ ወደ ወንዙ ሮጥኩ።

የሣር ጣሪያው ተያይዟል። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ከበውታል፤ ከየደጃቸው ችቦ ለኩሰው ነው የመጡት። አገኘሁ መዶሻውን ይዞ ወጣ። አንዱን ትከሻውን አለው። ድንጋይ ግንባሩን መታውና ተንበረከከ። ደርቤ ከኋላው መጣ። መጥረቢያውን አንገቱ ሥር... ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር።

ጥበብ ቀሚሷ እየነደደ ወጣች። መንሽ የያዙ ሁለት ሰዎች መልሰው ወደ ውስጥ ገፏት። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ልጁን አስተምራለሁ። ከጥራጊው ጋር ትቃጠል አለ። ጮክ ብሎ እንኳ አይደለም። ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ነው የተናገረው።

በመሀላቸው እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። እግሯን ይዤ ጎተትኳት፣ ላይዋ ላይ ወደቅሁ፣ በአፈር በነጠላዬ እሳቱን አጠፋሁ። ጸጉሯ ይሸታል። ደርቤ ቆመብን። ተነሺ አለኝ። አልነሣም አልኩ። ልጅህ ድናለች፣ ቁርስ ጠይቃለች፣ ደውልና ስጦታን ጠይቃት አልኩት። ውሸታም አለኝ። በመጥረቢያው ጀርባ ክንዴን መታው። ሁለተኛ አነሣ፤ በስለቱ በኩል። ዓይኑን አየሁት። አልተሳሳተም፤ ማን እንደሆንኩ ያውቅ ነበር።

አባባ ከንግሡ እየሮጡ መጡ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። አልጮኹም፣ አልገዘቱም። መጥተው እኛ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ጥምጥማቸውን አወለቁ፣ አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ከእኔ ጀምር" አሉት።

መጥረቢያው ሳይመታ ዝቅ አለ። ደርቤ በወንዙ በኩል ሄደ። ሌላው ሰው ተበታተነ። ግማሹ ወደ ንግሡ ተመለሰ። እልልታው ይሰማኝ ነበር፤ አገኘሁ እዚያው በደረቱ ተደፍቶ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ደርቤ ቆላ ወርዶ ተይዟል። ደባርቅ ታስሯል።

ቻላቸው ሊጠይቀኝ መጣ። ያ ቃል አሁንም ሰሌዳው ላይ አለ አለኝ። ተማሪዎች እየጠየቁት ነው፤ በአማርኛ ምን ልበላቸው አለ። ጥራጊ ነው ልለው ነበር። አልወጣኝም። "ሰው ራሱን ንጹሕ ለማድረግ የሚጥለው ሌላ ሰው ነው በላቸው" አልኩት። ጻፈው።

ከሰዓት ሽማግሌዎች መጡ፤ አምስት ሆነው። ጭሱ ከልክሎኛል፣ ማን እንደመታ አላየሁም በይ አሉኝ። ወንድምሽ ነው፣ ሥጋሽ ነው፤ የሞተው ሞቷል። ለባለ እጅ ብለሽ የአባትሽን ቤት ልትዘጊ ነው ወይ? አባባን ሳያይ የተናገረ አንድም የለም። ከእሳቸው ነው የሚጠብቁት።

አባባ መጽሐፋቸውን ዘጉ።

"ጥቅምት ላይ በጥፊ ሲመታት አይቼ ዝም አልኩ" አሉ። "እሑዱን ሰምቼ ዝም አልኩ። አሁን ዝም በል የምትሉኝ ሦስተኛ ጊዜ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ደባርቅ። መሰከርኩ።

ዳኛዋ ተከሳሹ ምንሽ ነው አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኩ። ደርቤ ከስቷል። ኮቱ ሰፍቶታል... ልጅ ሆነን ጅብ ሲጮህ እኔን መሀል አስተኝቶ ጠርዝ የሚተኛ እሱ ነበር። ይህን ማንም አልጠየቀኝም።

የመጥረቢያውን ተናገርኩ። የመንሹን ተናገርኩ፣ ስማቸውን አንድ በአንድ። የኅዳር አንዱንም ተናገርኩ። የእሱ ጠበቃ ተነሣና፣ እንግዲያ ያን ዕለት አንቺ የት ነበርሽ አለኝ።

"እዚያው ነበርኩ። ቆሜ አየሁ።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጻፈው።

ጥበብ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስወጣ አላየችኝም፤ ወይም አላየሁሽም ለማለት ፈልጋ ነው። አልፈርድባትም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13

ተፈረደ። ደርቤ ሃያ ዓመት። መንሽ የያዙት ሁለቱ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት። ችቦ የወረወሩት ሦስቱ ከስድስት እስከ ስምንት። ሌሎቹ ሃያ ምናምኑ ሰዎች ቤታቸው ናቸው። ስጦታ ሲነበብ አላለቀሰችም። ደርቤ ሲያወጡት ልጄስ አላት። ትማራለች አለችው።

እኔ የካቲት ላይ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተዛውሬያለሁ። ስጦታና ወለተ ማርያም አብረውኝ ናቸው፤ አንድ ክፍል ተከራይተን። አባባ ግን አልመጣም አሉ። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ሁለት ቀርተዋል። ሁለት ይበቃኛል ይላሉ። ልጅቷ አባቷ የት እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ለምን እንደሆነም። በስድስት ዓመት ይህ ይነገራል? ሌላ ሰው ቀድሞ በሌላ መንገድ ከሚነግራት ብዬ ነው። ሰምታ ሰምታ፣ እኔ ስለታመምኩ ነው አለች። አይደለም አልኳት። በየቀኑ እላታለሁ።

ከፍርድ ቤቱ ወጥተን እኔና ስጦታ የጎንደር ሚኒባስ ያዝን። ውስጡ የመንደራችን ሰው ሞልቶታል፤ ለፍርዱ የመጡ ናቸው፣ አስፋልቱ ላይ ነው የሚወርዱት። ስንገባ ወሬው ቆመ። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ጥምቀት ጥምቀት እሳቸው ቤት ነበር የምንውለው። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ባላቸው፣ ልጃቸው፣ ከኋላ ያሉት። ከእነሱ ጋር አንሄድም አለ አንዱ ለሾፌሩ። ሾፌሩ ምን ሆናችሁ ይላል። መሬት ወርደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

አንድ ሰው ብቻ አልወረደም። መስኮቱ ጥግ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች። ጥበብ ናት። ጎንደር አክስቷ ጋ ነው አሁን ያለችው። የተቃጠለው አንገቷ በአንድ በኩል ተጨማትሯል። እስከዚያ ድረስ ማንም አጠገቧ አልተቀመጠም ነበር፤ ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች።

ስጦታ ከፊት ተቀመጠች። እኔ መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ የት እንደምቀመጥ ግን አላወቅሁም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ፣ ተቀመጪ እንጂ አለኝ።

ጥበብ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር። ፊቷን አላዞረችም። ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

ሄጄ ተቀመጥኩ።